የቅሬው ካዝና፦ የሚያስጨንቅ ምርጫ ለጌም ስጽፍ ያየሁት

ጌም ላይ «ደግ ልሁን ወይስ ክፉ?» የሚል ምርጫ ብዙ ጊዜ ምርጫ አይደለም። መልሱ ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ ይታወቃል። አብዛኛው ሰው ደግ ይሆናል። ጥቂቱ እስኪ ልየው ብሎ ክፉውን ይሞክራል። ሁለቱም ሳይጨነቁ ያልፋሉ።

እኔ የምኖረው ደሴ ነው። ቀን ቀን ፒያሳ አካባቢ ስልክና ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ አንዲት ትንሽ የአማርኛ ጌም እሠራለሁ። በጽሑፍ የምትሄድ ናት። ሥዕል ብዙ የላትም፣ ሩጫና ተኩስ ጭራሽ የላትም። የቆመችው በምርጫ ብቻ ስለሆነ፣ ምርጫው ሰውን ካልያዘው ሌላ የሚያድናት ነገር የለም። ስሠራት ያየሁትን ልንገራችሁ። በራሳችን ቋንቋና በራሳችን ሰፈር ታሪክ ጌም ለመሥራት ለምታስቡ ይጠቅማል ብዬ ነው።

ጌሟ ስለ ቅሬ ናት። ሌላው አገር እድር የሚለውን ማለቴ ነው። ተጫዋቹ የአንድ የደሴ ሰፈር ቅሬ ገንዘብ ያዥ ነው። መዝገቡ እሱ ጋ ነው፣ ካዝናው እሱ ጋ ነው፣ የድንኳኑና የብረት ድስቱ ክፍል ቁልፍም እሱ ጋ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እንደኛ ሰፈር በአንድ ቅሬ ነው። ሰው ይሞታል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ብር ይወጣል። አንድ ጓደኛዬ ይህን ሰምቶ «ታዲያ ጌሙ የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ጌሙ ካዝናው ውስጥ ነው። ያለው ብር ለሁሉም አይበቃም።

ሐሳቡን ከሰማይ አላወረድኩትም። ፔፐርስ ፕሊስ የምትባለው የሉካስ ፖፕ ጌም በ2013 እ.ኤ.አ. ወጣች። እዚያ ላይ የድንበር ኬላ ሠራተኛ ናችሁ። ፓስፖርት ታያላችሁ፣ ማኅተም ትመታላችሁ። በትክክል ላስተናገዳችሁት ለእያንዳንዱ ሰው 5 ክሬዲት ይከፈላችኋል። ማታ በዚያችው ብር የቤት ኪራይ፣ ምግብና ማሞቂያ ትሸፍናላችሁ። ቤት ውስጥ የታመመ ካለ መድኃኒትም አለ። አንድ ቀን ወረቀቱ የተሟላ ሰውዬ ይመጣና ያልፋል። ሲያልፍ ሚስቱ ከኋላው እንዳለች ነግሮ እንድትራሩላት ይለምናል። ሚስትየዋ የመግቢያ ፈቃድ የላትም። ብትመልሷት ባልና ሚስት ተለያዩ። ብታስገቧት ማተሚያው የጥፋት ወረቀት ይተፋባችኋል።

ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። በቀን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥፋቶች በማስጠንቀቂያ ይታለፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ከደመወዝ ይቆረጣል። ስለዚህ ጌሟ «ሩኅሩኅ ናችሁ ወይ?» ብላ አትጠይቅም። ሁለት በነጻ የሚታለፍ ጥፋት አላችሁ፤ አንዷን ለዚህች ሴት ታወጣላችሁ ወይ ነው ጥያቄው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥፋት ዋጋው ከልጃችሁ ማሞቂያ ላይ ይነሳል።

ይህን ባዮሾክ ከምትባለው ጌም ጋር አስተያዩት። ባዮሾክ በ2007 እ.ኤ.አ. ስትወጣ ብዙ የተወራላት በሥነ ምግባር ምርጫዋ ነበር። አዳም የሚባል ውድ ነገር በሰውነታቸው የተሸከሙ ትንንሽ ልጆች አሉ። ልጅቷን ብታጠፏት 160 አዳም ታገኛላችሁ፣ ብታድኗት 80። እስካሁን ጥሩ ነው፤ ደግነት ዋጋ አለው። ግን ሦስት ባዳናችሁ ቁጥር የ200 አዳም ስጦታ ይላክላችኋል። ሒሳቡን ሥሩት። ሦስት ማዳን 240 ሲደመር 200፣ 440 ነው። ሦስት ማጥፋት 480። ያ ሁሉ ጭንቀት የተሸጠው በ40 አዳም ልዩነት ነው። ከአዳሙ ጋር ሌላ ስጦታም ስለሚመጣ ደግ የሆነ ሰው ምንም አልጎደለበትም። ጌሟን እወዳታለሁ፤ ይህ ነገሯ ግን ያበሽቀኛል።

ማስ ኢፌክት የሚባለው ጌም ችግር ሌላ ነው። ሰማያዊና ቀይ መለኪያ አለ። መልካም ስትሆኑ ሰማያዊው ይሞላል፣ ጨከን ስትሉ ቀዩ። ከቀድሞ ሠሪዎቹ አንዱ በ2020 እ.ኤ.አ. እንደተናገረው፣ ከተጫዋቾቹ 92 ከመቶ ያህሉ የደጉን መንገድ ነው የያዙት። ለሌላው መንገድ የተጻፈውን ያን ሁሉ ንግግር፣ የተቀረጸውን ያን ሁሉ ድምፅ ጥቂት ሰው ነው የሰማው። ደግሞም መለኪያ ካለ ሰው የሚመግበው መለኪያውን ነው። አንዴ ሰማያዊውን ከጀመረ እስከ መጨረሻው ሰማያዊ ይነካል። የመረጠው አንድ ጊዜ፣ ገና መጀመሪያ ላይ ነው። የቀረውን በልማድ ይሄዳል።

እኔ ጋ መለኪያ የለም። ምንም። ነጥብም የለም። ይህን የወሰንኩት መጀመሪያውኑ ነው፤ ከባዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጌሟ ውስጥ ጋሽ ይመር የሚባል ገጸ ባሕርይ አለ። ጫማ ሰፊ ነው። የአምስት ወር መዋጮ አልከፈለም። በቅሬው ደንብ ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል። ሚስቱ ትሞታለች። ሌሊት መጥቶ በር ያንኳኳል። መጀመሪያ ሁለት ምርጫ ብቻ ሰጠሁ፦ ብሩን መስጠት ወይም ደንቡን መንገር። ለጓደኞቼ አስጫወትኩ። ሁሉም ብሩን ሰጡ። አንዳቸውም አላቅማሙም። አንዷማ ከእኔ ጋር እያወራች ነው የነካችው፤ ስክሪኑን በቅጡ አላየችውም።

ታሪኩ ያሳዝናል እኮ። ግን ማሳዘን ሌላ፣ ማስጨነቅ ሌላ ነው። በአንድ በኩል የሚያለቅስ ሰው አለ፤ በሌላው በኩል መዝገብ ላይ የተጻፈ ደንብ። ለደንብ ማን ይሟገታል? ደንቡ ፊት የለውም። የሚናገርለት ሰው የለም።

እትዬ ዘሐራን ያመጣኋት ለዚህ ነው። እንጀራ ሸጣ አዳሪ ናት። ጋሽ ይመር ከማንኳኳቱ በፊት፣ የዚያኑ ዕለት ጠዋት፣ የወር መዋጮዋን 50 ብር ልታስገባ ትመጣለች። ብሩን የሚቆጥረው ተጫዋቹ ነው። ድፍን 50 አይደለም። አምስት አሮጌ አሥር አሥር ብር ነው፤ አንዷ ጥግዋ ላይ ሊጥ ደርቆባታል። አንድ በአንድ እየነኩ መቁጠር ያስፈልጋል። «ለሞት አይቀለድም ብዬ እንጂ ልጄ፣ ጤፉ እንዲህ ሆኖ ዘንድሮስ ከልጆቼ ጉሮሮ ነጥቄ ነው» ትላለች። ደረሰኝ ይጻፍላታል። ትሄዳለች። ማታ ጋሽ ይመር ይመጣል።

የማታው ክፍል ላይ አንዲት ቃል አልነካሁም። የጨመርኩት የጠዋቱን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሰዎች መቆም ጀመሩ። የሱቅ ጎረቤቴ ልትነካ ጣቷን ዘርግታ መለሰችው። «ወይ ጉድ! የዘሐራ ብር እኮ ነው» አለች። በመጨረሻ ብሩን ሰጠችው፤ እንደ መጀመሪያዎቹ ሰዎች ማለት ነው። ውጤቱ ያው ነው። መንገዱ ግን ያው አይደለም። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ስንት ሰው የትኛውን መረጠ ብቻ ብትቆጥሩ ምርጫው መሥራት አለመሥራቱን አታውቁም። ጣቱ ሲዘገይ ማየት አለባችሁ።

ዋናው ትምህርት የመጣው ግን ከአጎቴ ነው። አጎቴ በእውነተኛው ዓለም የቅሬ ገንዘብ ያዥ ሆነው ብዙ ዘመን አገልግለዋል። ጌም ነክተው አያውቁም። ቡና ተፈልቶ ቶናው ላይ ስንደርስ ስልኬን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ድምፅ እያሰሙ አነበቡ። የጋሽ ይመር ምርጫ ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼ ሰውዬ ብቻውን ነው እንዴ የሚወስነው?»

«አዎ ጋሼ። እርስዎ ነዎት የሚወስኑት።»

«ወላሂ እኔ ይኼን ብቻዬን አልወስንም። ጉባኤ የሚለው የት ነው?»

ጉባኤ የሚል አልነበረም። ስልኩን መልሰው ሰጡኝ። አንድም አልነኩም።

ነገሩ ገባኝ። አብዛኞቹ የምናውቃቸው ጌሞች አንድ ጀግና ብቻውን ቆሞ የሚወስንባቸው ናቸው። እኛ ሰፈር ግን እንዲህ ያለ ነገር ብቻውን የሚወስን ሰው ጀግና አይባልም፤ ማን ሾመው ነው የሚባለው። ሽማግሌ ይጠራል፣ ይመከራል። ስለዚህ «ጉባኤ ጥራ» የሚል ምርጫ ጨመርኩ። ስጽፈው ምርጫውን የሚያቀልል መስሎኝ ነበር። እንዲያውም አከበደው። ምክንያቱም ጉባኤ ከተጠራ መዝገቡ ይነበባል። ጋሽ ይመር አምስት ወር እንዳልከፈለ፣ ሚስቱ አስከሬኗ ቤት ውስጥ እያለ፣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። እሱ ሌሊት የመጣው ለምን ሆነና? ቀን መምጣት አቅቶት አይደለም። ገመናው እንዳይወጣ ነው።

አሁን ምርጫው ሦስት ሆነ። ዝም ብሎ መስጠት የይመርን ገመና ይሸፍናል፤ ዘሐራን ግን ያታልላል። ጉባኤው ለዘሐራ ፍትሕ ነው፤ ይመርን ግን በሐዘኑ ቀን ያዋርደዋል። ደንቡን መንገር ደግሞ ካዝናውን ያድናል፤ ሰውየውን በር ላይ ይጥላል። የትኛውም ጋ ክፉ ሰው የለም።

እንደገና ለአጎቴ አሳየኋቸው። ትንሽ አሰቡና ፈገግ አሉ። «ቀላል ነው። አምስት ወር በ50 ብር፣ 250 ብር አይደል? እኔ ከኪሴ እከፍልለታለሁ። ከዚያ በደንቡ መሠረት ይወስዳል።» ልክ ናቸው። እውነተኛ ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው። ይህን መንገድ ጌሟ ውስጥ ባልከፍተው ተጫዋቹ «ለምን እንዲህ አላደርግም?» እያለ ይናደድብኛል። ከፈትኩት። ግን አንድ ጥያቄ አስከተልኩበት፦ ደረሰኙ ላይ የቱ ቀን ይጻፍ? የዛሬ ቀን ከተጻፈ ሰውየው በደንቡ ቀድሞ ተሰርዟል፤ ብሩ ዋጋ የለውም። የሚሠራው ቀኑ ወደ ኋላ ከተጻፈ ብቻ ነው። አጎቴ እዚህ ላይ ሲደርሱ ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «እሱማ የመዝገብ ውሸት ነው» አሉ። ከዚያ በረካው ተቀዳ፤ እሳቸው ግን ወሬ አቁመው ስለዚያ ቀን ነበር የሚያስቡት። በመጨረሻ ወደ ኋላ ጻፉት። «አላህ ይቅር ይበለኝ» እያሉ ነው የነኩት፤ ለስልክ ጌም!

ከዚያ ወዲህ ሥራዬን የምሠራበት መንገድ ተቀየረ። ሰው ሦስተኛ መንገድ ሲፈልግ አልዘጋበትም። እንዲያውም ሰዎችን «ሌላ ምን ታደርጉ ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። መንገዱን እከፍትና ዋጋውን እፈልጋለሁ። ዋጋ የሌለው መንገድ እምብዛም አይገኝም፤ ሲገኝ ደግሞ ያ ምርጫ ድሮውንም አልከበደም ማለት ነው፤ አወጣዋለሁ።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ላይ ቴክኖሎጂ ለሚማሩ ልጆች አስጫወትኳቸው። አንድ ቀን ሁለት ለቅሶ የሚገጥምበት ክፍል አለ፤ ቅሬው ያለው ድንኳን አንድ ነው። ክረምት ነው፣ ዝናብ ነው፣ የደሴ ብርድ ነው። ለማን ይተከል? ልጆቹ ገና አንብበው ሳይጨርሱ በአንድ አፍ «ከላይኛው ሰፈር ቅሬ እንዋሳለን!» አሉ። እሺ፣ ተዋሱ። ድንኳኑ መጣ። ሁለቱም ለቅሶ ተሸፈነ። ብዙ ቆይቶ፣ ነገሩ ከተረሳ በኋላ፣ የላይኛው ሰፈር ሰዎች በተራቸው ይመጣሉ። በዚያ ቀን ግን የእኛ ድንኳን ለራሳችን ያስፈልገናል። የዋለልህን ሰው ማሳፈር ነው ወይስ የራስን አባል ዝናብ ላይ ማስቀመጥ? ከልጆቹ አንዱ «ኧረ አንቺ ግፈኛ ነሽ» አለኝ። ደስ አለኝ።

ውጤትን ማዘግየት ሌላም ጥቅም አለው። ልጆች ወዲያው ወደ ኋላ ተመልሰው ሌላውን መሞከር ይወዳሉ። እኔ የምሠራበት ትዋይን የሚባል ነጻ መሣሪያ ነው፤ ክሪስ ክሊማስ በ2009 እ.ኤ.አ. ነው ያወጣው። ሃርሎው በሚባለው አሠራሩ ከጎን የመመለሻ ቀስት አለ። ውጤቱ ወዲያው ከታየ ቀስቷ ላይ እጃቸው አያርፍም። ውጤቱ ግን ከብዙ ገጽ በኋላ ከመጣ ማንም ያን ሁሉ አይመለስም፤ እንደ ኑሮ ይሸከመዋል። ቀስቷን ጨርሶ ማጥፋት ይቻላል። እኔ አላጠፋሁትም፤ በስሕተት ያለፉትን ጽሑፍ መልሰው የሚያነቡ ሰዎች አሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣችው የቶቢ ፎክስ አንደርቴል ከዚህ የባሰ ትሠራለች። መጀመሪያ ላይ የምትንከባከባችሁን ፍጡር ገድላችሁ፣ ተጸጽታችሁ፣ ጌሙን መልሳችሁ ብታድኗት፣ ምን እንዳደረጋችሁ የሚያውቅ አንድ አበባ አለ፤ ፊት ለፊት ይነግራችኋል። የኔ አቅም እዚያ አይደርስም።

ሰፈሩ ምን እንደተሰማው ለተጫዋቹ እንዴት ይነገረዋል? ቴልቴል በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘ ዎኪንግ ዴድ የሚባል ጌም ላይ አንድ ነገር ስትመርጡ ጥግ ላይ «ክሌመንታይን ይህን ታስታውሳለች» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል፤ ክሌመንታይን አብራችሁ ያለችው ትንሽ ልጅ ናት። ጥሩ ይሠራል። ለእኛ ግን ቋንቋው ራሱ የሰጠን ነገር አለ። እትዬ ዘሐራ መጀመሪያ «ልጄ» እያለች ነው የምታወራው። ተደብቆ የወጣውን ብር ስትሰማ አትጮህም፣ አትሳደብም። በሚቀጥለው ወር መዋጮዋን ይዛ ስትመጣ «እንደምን አደሩ፣ ይቁጠሩት» ትላለች። አለቀ። አንዷ ልጅ «ውይ! አንቱ አለችኝ!» ብላ ስልኩን ልትጥለው ነበር። ምንም መለኪያ፣ ምንም ቀይ መብራት እንዲህ አያስደነግጥም።

በዚሁ አጋጣሚ፣ በአማርኛ ስትጽፉ ተጫዋቹ ወንድ ይሁን ሴት መጀመሪያ መጠየቅ ግድ ነው። እንግሊዝኛ ላይ የማይታሰብ ጣጣ ነው። እኔ በአንድ ቫሪያብል፣ ማለትም ጌሟ መልሱን በምታስታውስበት ቦታ፣ ይዤዋለሁ፤ ብዙ ዓረፍተ ነገር ግን ሁለት ጊዜ መጻፍ ነበረብኝ። የምርጫዎቹን ጽሑፍ በስም ዘር ማድረግ ትንሽ ያሳርፋል፤ «ብሩን ስጠው» ከማለት «ብሩን መስጠት»።

ስለ ምርጫ ጽሑፍ ካነሳን፣ ፍርድ አትጻፉበት። «ለድሃው ራራለት» የሚል ምርጫ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። እጅ የሚሠራውን ብቻ ጻፉ። መዝገቡን መዝጋት። ብሩን መቁጠር። ጉባኤ መጥራት። ቀኑን ወደ ኋላ መጻፍ። ተጫዋቹ ስሙን ራሱ ያውጣለት። ደግሞ የተጻፈውና የሚሆነው አንድ ይሁን። «እምቢ ማለት» የሚለውን የነካ ሰው፣ ገጸ ባሕርዩ እምቢ ብሎ ስድብ ቢጨምርበት ጌሙን ነው የሚጠላው፤ እውነቱን ነው።

መጨረሻው ላይ የገንዘብ ያዡ የራሱ እናት ትሞታለች። በኔ ሐሳብ፣ ድንኳኑ ውስጥ ማን መጣ የሚለው በቂ መልስ ነበር። የመጡትን ሰዎች ብዛት ጽፌው ነበር። ኮምቦልቻ ያሉት ልጆች ወዲያው «ስንት መጣልህ?» «እኔ 31፣ አንተስ?» መባባል ጀመሩ። በር ዘግቼ ያስወጣሁት ነጥብ በመስኮት ገባ። ቁጥሩን አጠፋሁት። አሁን የሚታየው ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ፣ ማን ንፍሮ እንደያዘ፣ ማን በር ላይ ቆሞ ሳይገባ እንደተመለሰ ነው። ይህ አይቆጠርም፤ ልጆቹም መወዳደሩን ትተው ጋሽ ይመር ለምን እንደቀረ ነበር የሚከራከሩት።

የቅርንጫፍ ነገር ብዙ ሰው ያስፈራዋል። ትክክል ነው። አሥር ምርጫ ሁለት ሁለት መንገድ ቢኖረው 1,024 የተለያየ መንገድ ነው፤ ማንም አይጽፈውም። መፍትሔው ታሪኩ ተመልሶ እንዲገናኝ ማድረግ ነው። ይመር ብሩን ወሰደም አልወሰደም ክረምት ይመጣል፣ መስከረም ይጠባል። የሚለየው ሰዎቹ የሚያስታውሱት ነው። ለእያንዳንዱ ትልቅ ምርጫ አንድ ቫሪያብል፣ ከዚያ በየቦታው አንድ ሁለት መስመር። ዘሐራ «አንቱ» ማለቷ በኮድ ረገድ አንዲት መስመር ናት።

ጦርነትን በተመለከተ ብዙ ሰው ጠየቀኝ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ቅሬዎች ምን እንደነበሩ የማያውቅ እዚህ የለም። ዲስ ዋር ኦቭ ማይን የሚባል የፖላንዶች ጌም አለ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በሳራዬቮ ከበባ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ። የቁጥሩ መገጣጠም ይገርመኛል፤ የእነሱ 2014 እና የእኛ 2014። እዚያ ላይ ወታደር አይደላችሁም፤ የተራባችሁ ሲቪል ናችሁ። ከሁለት አረጋውያን ቤት ምግብና መድኃኒት መውሰድ ትችላላችሁ፤ አይከለክሏችሁም። ነጥብ አይቀነስም። የሰረቁት ሰዎቻችሁ ግን ይተክዛሉ፣ ከአልጋ መነሳት ያቅታቸዋል። እጅግ የተዋጣለት ነው። እኔ ግን ያን ዘመን አላስገባሁም። ጌሟን ከሞከሩልኝ ሰዎች አንዷ የሁለቱ ለቅሶ ክፍል ላይ ስልኩን መልሳ «ይቅርብኝ» አለችኝ። ምክንያቱን አልጠየቅኋትም። ድንኳን ብቻ እንዲህ ካደረገ፣ ከዚያ በላይ ለመሄድ እኔ ገና ነኝ። አሁን መክፈቻው ላይ ታሪኩ ስለ ሞትና ለቅሶ እንደሆነ በግልጽ የሚናገር ገጽ አለ፤ ያን ክፍል መዝለልም ይቻላል። እናንተም ብትሠሩ ይህቺን ገጽ አትርሱ።

ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም። አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። ትዋይን ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ መብራት እየሄደ እየመጣ ለሚሠራ ሰው ቶሎ ቶሎ ቅጂ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ሲያልቅ አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ይወጣል። በቴሌግራም ትልኩታላችሁ፣ ሰውየው በስልኩ ብሮውዘር ይከፍተዋል። ፊደላችን ስልክ ላይ ያለ ችግር ይታያል። አንድ ክፍል ብቻ ጻፉ፦ ሁለት ሰው፣ ለሁለቱም የሚገባ አንድ ነገር፣ ለሁለቱም የማይበቃ። ከዚያ ለማይራራላችሁ ሰው ስጡት።

ሲጫወት አጠገቡ ተቀመጡ፤ አፋችሁን ግን ያዙ። እኔ ዝም ማለት ስለሚያቅተኝ ቡና እያፈላሁ ነው የማየው። «ወደድከው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የአገራችን ሰው ይሉኝታ አለው፣ ወደድኩት ነው የሚላችሁ። «የቱ ጋ ተናደድክብኝ?» በሉት። ወይም «ለዘሐራ ምን ትላታለህ?» በሉት። መልሱ «ምን አገባኝ» ከሆነ ዘሐራን እንደገና ጻፏት። ሰበብ መደርደር ከጀመረ ግን፣ እኔ እኮ፣ ምን ላድርግ፣ ጊዜው ሌሊት ነበር፣ ሰውየው እያለቀሰ ነበር ካለ፣ ያንን ክፍል አትንኩት፤ ወደሚቀጥለው እለፉ።